ቆጣሪው አንድ፣ ቤተሰቡ አምስት

"ጭማሪው ዝቅተኛ ገቢ ያለውን አይነካም።" የመብራት ታሪፍ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠን መልስ ይሄ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለ4 ዓመት እንዲሄድ ሲወሰን ይሄው ተባለ። በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ በሚጠቀም መኖሪያ ቤት ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣም ይሄው ተደገመ። ትንሽ የሚጠቀም ይደጎማል፣ ብዙ የሚጠቀም ይከፍላል፣ አለቀ። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው እንዲህ አይናገርም።

የእኛን ግቢ ልንገራችሁ። አምስት ቤተሰብ ነን፣ ቆጣሪው አንድ ነው፣ እሱም በአከራያችን ስም። ወር ሲደርስ ሴትዮዋ ቢሉን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምጣድ ያለው ይሄን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይሄን ያህል፣ አምፖል ብቻ ያለው ይሄን ያህል እያሉ ያካፍሉናል። ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሉ ራሱ ነው ክፉ።

እስቲ እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንዲት እናት በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር በአራት ሳምንት 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና የስልክ ቻርጁ ሲጨመር 60 በሉት። ታሪፉ በእርከን ነው፣ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ከታች ባሉት እርከኖች ትቀር ነበር፣ ቫትም አይነካትም። አምስታችን በአንድ ቆጣሪ ስንደመር ግን 300 ገባን። በወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ሀብታም ቤተሰብ ሆንን ማለት ነው! ከፍ ያለውን ታሪፍ እኛ እንከፍላለን፣ ቫቱንም እኛ። ድጎማው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ለሚኖር፣ ምሳና እራቱን ውጭ ለሚበላ ባለ ደሞዝ ይደርሳል። እሱ ምን አጠፋ፣ የራሱ ቆጣሪ ስላለው ነው። ታዲያ የሚደጎመው ድሃ ነው ወይስ ቆጣሪ ያለው?

ለዚህ ነው ብዙ አከራይ "ምጣድ አይቻልም" የሚለው። ተከራይዋ ወደ ከሰል ትመለሳለች፣ የከሰል ዋጋ ደግሞ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ።

"ከጎረቤት አገር አንጻር ርካሽ ነው" የሚሉን አሉ። የናይሮቢን ታሪፍ የሚያሳየኝ ሰው መጀመሪያ የናይሮቢን ደሞዝ ያምጣልኝ። "ቆጣሪ አስገቡ" የሚሉም አሉ። በማን ቤት? ተከራይ በስሜ ላውጣ ቢል የቤቱን ማስረጃ አምጣ ይባላል። ትራንስፎርመሩም ሽቦውም በዶላር እንደሚገዛ ይገባኛል፣ ገንዘቡ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ግን ከእኛ ግቢ ይጀመር ያለው ማን ነው?

መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም። እርከኑ በቆጣሪ ሳይሆን በቆጣሪው ስር ባለው ቤተሰብ ይቆጠር። አምስት ቤተሰብ ካለ 200ው በአምስት ይባዛ። ስንት ቤተሰብ እንዳለ አናውቅም እንዳይሉን፣ የኪራይ ውላችንን ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ ብለው ያሰለፉን ራሳቸው ናቸው። መዝገቡ እዚያው ወረዳው ውስጥ አለ። ለግብር ሲሆን የሚገለጥ መዝገብ ለድጎማ ሲሆን የማይገለጥበት ምክንያት የለም።

የሚቀጥለው ጭማሪ ሲመጣ ሴትዮዋ እንደገና በረንዳው ላይ ይሰበስቡናል። የምጣዱ ሒሳብ ስንት እንደገባ ያን ቀን እንሰማለን።