ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይጠፋ ጌም

በፈረንጆቹ 2020 የመጨረሻ ቀን አዶቢ የተባለው ኩባንያ ብሮውዘር ውስጥ ጌምና አኒሜሽን የሚያጫውተውን ፕሮግራሙን፣ ፍላሽ ፕሌየርን፣ እርግፍ አድርጎ ተወው። ከ12 ቀን በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ አልከፍትም ማለት ጀመረ። በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ዞር ሲል፣ ወይም ኢንተርኔት ካፌ ገብተን በደቂቃ እየከፈልን የተጫወትናቸው የብሮውዘር ጌሞች አብዛኞቹ በፍላሽ የተሠሩ ነበሩ። አበቃላቸው ተባለ።

አላበቃላቸውም። ዛሬ ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ፣ ያለ ምንም ኮኔክሽን ሊጫወታቸው ይችላል። ብዙ ሰው ይህንን የትዝታ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን ጌም መኖር ያለበት እንዲህ ነው ባይ ነኝ፤ በተጫዋቹ እጅ፣ በተጫዋቹ ሃርድ ዲስክ።

ፍላሽ ራሱ መሞት ነበረበት ብል ከአድናቂዎቹ ጋር ልጣላ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የደኅንነት ቀዳዳው ተደፍኖ አያልቅም ነበር። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስም በ2010 ባወጣው ደብዳቤ አይፎን ላይ ለምን እንደማያስገባው በግልጽ ጽፎ ነበር። ችግሩ ማጫወቻው ሲጣል በላዩ የተሠራው ሥራ ሁሉ አብሮ መጣሉ ነው።

ያዳኑት ደግሞ ኩባንያዎች አይደሉም፤ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ፍላሽፖይንት የተባለው ስብስብ በ2018 መጀመሪያ ተጀምሮ ዛሬ ከ200,000 በላይ ጌሞችና አኒሜሽኖችን ይዟል። ሁሉንም አንድ ላይ ላውርድ ያለ ሰው ከ1 ቴራባይት በላይ ቦታ ያስፈልገዋል። ደግነቱ ሌላ አማራጭ አለ፤ የመረጡት ጌም ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል።

በጣም የሚያስደንቀኝ የአሠራሩ ብልሃት ነው። ብዙ ጌሞች ከገዛ ዌብሳይታቸው ውጭ እንዳይከፈቱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሲከፈቱ መጀመሪያ «የት ነው ያለሁት?» ብለው አድራሻውን ያያሉ፤ ካልተስማማቸው ቀጥ ይላሉ። ፍላሽፖይንት ታዲያ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የድሮውን ዌብሳይት አስመስሎ ይመልስላቸዋል። ጌሙ ዘንድ ገና 2008 ነው። ዌብሳይቱ ከተዘጋ ዓመታት ቢያልፉም እሱ ምን አውቆ!

ሌላው ራፍል ይባላል። የአዶቢን ፕሮግራም ጨርሶ ሳይነካ የፍላሽ ፋይሎችን የሚያጫውት፣ በበጎ ፈቃደኞች የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። የድሮ ዌብሳይቶችንና ፋይሎችን የሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭ ከኅዳር 2020 ጀምሮ የፍላሽ ጌሞችን የሚያጫውተው በእሱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የድሮውን ፍላሽ ፕሌየር ካልታወቀ ቦታ ፈልጋችሁ እንዳትጭኑ። ቫይረስ መጋበዝ ነው።

እነዚህ ጌሞች ሊድኑ የቻሉት ግን አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ በፋይል ውስጥ ስለነበሩ ነው። ያንን ፋይል የያዘ ጌሙን ያዘ። ፋርምቪልን እንይ። በ2009 ፌስቡክ ላይ የወጣው ይህ የእርሻ ጌም ሚሊዮኖችን አሳብዶ ነበር። እርሻው ግን የነበረው በተጫዋቹ ኮምፒውተር ሳይሆን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ፍላሽ በተዘጋበት በዚያው ቀን ፋርምቪልም ሲዘጋ፣ ሰው ለዓመታት የዘራውና ያጨደው ሁሉ አብሮ ሄደ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጌሞች በጠባያቸው እንደ ፋርምቪል ናቸው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ልዩነት ቅንጦት አይደለም። የዳታ ጥቅል ገዝቶ ጌም መጫወት ኪስ ይጎዳል። ኮምፒውተር ኖሮት ኢንተርኔት የሌለው የትምህርት ቤት ላብም ብርቅ አይደለም። ፋየርቦይ ኤንድ ዋተርገርልን አስቡት። ሁለት ልጆች በአንድ ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ አንዱ በቀስቶቹ፣ ሌላው በፊደሎቹ። የእሳቱ ልጅ ውኃ ከነካ ይሞታል፣ የውኃዋ ልጅ እሳት ከነካች ትሞታለች፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚታለፈው ሁለቱም በየበራቸው ሲደርሱ ነው። መነጋገር ግድ ነው። ትከሻ ለትከሻ መገፋፋትም አለ፣ «አንተ ነህ ያስገደልከኝ» የሚል ጭቅጭቅም አለ። ኦፍላይን ሲሆን ደግሞ በመሃል ማስታወቂያ አይገባም፣ የማይታወቅ ሰው ለልጅ መልእክት አይልክም። እርግጥ ከድሮዎቹ ጌሞች ደም የሚረጭባቸው ብዙ ናቸው፤ ወላጅ መርጦ ይጫን።

«የሰው ንብረት ሳያስፈቅዱ መሰብሰብ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለቤቱ ዛሬም የሚሸጠውን ጌም ገዝቶ መጫወት ነው። ግን ማንም የማይሸጠው፣ ዌብሳይቱ የተዘጋ፣ የሠራው ልጅም አድጎ ሌላ ሥራ የያዘበት ጌም ቢጠፋ የሚጠቀም ማን ነው? መልካም ምሳሌ ከፈለጋችሁ ኒንጃ ኪዊ አለ። ዝንጀሮዎች ፊኛ የሚያፈነዱበትን ብሉንስን የሠራው የኒው ዚላንድ ኩባንያ ነው። የድሮ የፍላሽ ጌሞቹን በአንድ ጥቅል ሰብስቦ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በነጻ አውጥቷቸዋል። በር ሲዘጋ ቁልፉን ለተጫዋቹ መስጠት ማለት ይኼ ነው።

እዚህ አገር ለልጆች ፊደል ማስቆጠሪያና ሒሳብ ማለማመጃ ጌም የምትሠሩ ወጣቶችም ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል። ጌማችሁ በፍላሽ ዲስክ ተገልብጦ፣ ዳታ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል ወይ? ካልተከፈተ ከመልቀቃችሁ በፊት አስተካክሉት።