ይድረስ ለክቡር የግድግዳ ሶኬት

ጉዳዩ፦ «አላስገባም» ስለማለትዎ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል?

ሰው አገር ሄዶ ቤት የተከራየ ቤተሰብ ሻንጣውን አስቀምጦ በመጀመሪያ የሚፈልገው እርስዎን ነው። ስልኩ ላይ 4 በመቶ ቀርቷል፤ የአከራዩ ቁጥርም የቤቱ አድራሻም እዚያው ውስጥ ነው። እርስዎ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ተሸሽገዋል። አልጋው ይገፋል፣ አቧራው ይነሳል፣ ቻርጀሩ ይቀርባል፤ እርስዎም «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይመልሱታል።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ዘር ማንዘርዎን ቆጥሮ ከ«ኤ» እስከ «ኦ» በ15 ፊደል መዝግቧችኋል። በ1986 እ.ኤ.አ. ያው ኮሚሽን ሁላችሁንም ያስታርቃል ያለውን አንድ ቅርጽ አወጣ። ደቡብ አፍሪካ ወሰደችው፤ ብራዚልም ነካክታ ወሰደችው። አብዛኛው አገር ዝም አለ። አስታራቂው ዛሬ «ኤን» ተብሎ በጠበኞቹ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከዘመዶችዎ አስቸጋሪው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው «ጂ» ነው። ረጅሙ የላይኛው ፒን ካልገባ የታችኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች መከለያ አይከፍትም። ብልሃተኛው ሁሉ የላይኛውን በእስክሪብቶ ጎርጉሮ ባለ ሁለት ክብ ፒኑን ይሰካል። ክብ ፒን ግን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ይነካካል እንጂ ጠብቆ አይያዝም፤ የላላ ነገር ይሞቃል፣ የሞቀ ፕላስቲክ ይቀልጣል። መከለያውም የተሠራው የሕፃን ጣት እንዳይገባ መሆኑ ይረሳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይኸው «ጂ» ጎኑ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ይህን ያላየ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ አድሮ ጠዋት 4 በመቶውንም ያጣዋል።

እንግዲህ ደላላው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዳፕተር ማለት ሁለት ወገን አገናኝቶ ዘወር የሚል ደላላ ነው፤ ቅርጽ ያስማማል እንጂ ቮልት አይነካም። ከ120 ቮልት አገር የመጣ 1000 ዋት የጸጉር ማድረቂያ 240 ቮልት ላይ ሲሰካ ቮልቱ እጥፍ፣ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 4000 ዋት ሊስብ ይሞክርና ጸጉሩ ሳይደርቅ ራሱ ይነድዳል። በተቃራኒው የ240 ቮልቱ 2000 ዋት ማንቆርቆሪያ 120 ላይ 500 ዋት ብቻ ይሆናል። አይቃጠልም፤ ውኃው እስኪፈላ ግን እንግዳው ተሰናብቶ ይሄዳል። ሳንወድ በግድ እንመስክርልዎ፦ የእርስዎ «አላስገባም» ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ደላላው ነው አፍዎን ያዘጋዎት።

ከቻርጀሩ ጀርባ በጉንዳን እግር የተጻፈችውን «ኢንፑት» የምትል መስመር የሚያነብ ጥቂት ነው። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» ካለች (ሄርዝ ማለት የሞገዱ ብዛት በሰከንድ ነው) ጠቡ የቅርጽ ብቻ ነው። የላፕቶፕ ከሆነ አዳፕተሩም አያስፈልግም፤ ከቻርጀሩ ሳጥን የሚነቀለውን ገመድ ብቻ መቀየር ይበቃል። አፉ እንደ 8 ቁጥር ሁለት ቀዳዳ ወይም ሦስት ክብ ቀዳዳ ነው፤ አሮጌውን ይዞ ሄዶ አስተያይቶ መግዛት ነው። ባለ ሦስት ፒኑን በባለ ሁለት ፒን አዳፕተር መሰካት ግን የመሬት ሽቦውን ቆርጦ እንደመጣል ነው፤ የብረት ላፕቶፕ እጅን ንዝር የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መስመሯ «120 ቮልት» ብቻ ካለች ማንቆርቆሪያውን፣ ካውያውን፣ ጸጉር ማድረቂያውን ለዘመድ ሰጥቶ መምጣት ነው። ትራንስፎርመር (ቮልት ቀያሪ) ልግዛ የሚል ከዕቃው ዋት ከፍ ያለ፣ ሞተር ላለው ደግሞ እጥፍ የሚሆን ይምረጥ፤ ሞተር ሲነሳ ብዙ ይስባልና። መዳፍ ላይ የሚያርፈው ቀላሉ «1600 ዋት» ኮንቨርተር ሌላ ጉድ ነው፦ ሞገዱን ይከትፈዋል። ለደረቅ ማሞቂያ ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኒክስ ከሰጡት ይገድላል። ሁለቱም ሄርዝ አይቀይሩም። የሞገዱን ብዛት እየቆጠረ የሚሄድ የ60 ሄርዝ የግድግዳ ሰዓት 50 ላይ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለማስረፈድ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

አራት ሰው በአንድ አዳፕተር ሲጣላ ደኅና መላ ከአገር የመጣችው ማከፋፈያ ናት፤ አንድ አዳፕተር ታደርጉላትና አራት ቻርጀር ታስተናግዳለች። ማሞቂያ ግን አይሰካባትም፣ የአዳፕተሩ አምፔር አይችልምና። የ120 ቮልት ማከፋፈያ፣ በተለይ የመብረቅ መከላከያ ያለባት፣ 240 ላይ ስትሰካ ጧ ብላ ትሰናበታለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአዳፕተር፦ ጥግዎ ቡናማ ሆኖ ፕላስቲክ መሽተት ከጀመሩ ጡረታ እንዲወጡ።
ለወፍራሙ ቻርጀር፦ የጎረቤትዎን ቀዳዳ በሆድዎ መሸፈንዎን እንዲያቆሙ።