ፋይሉን ባጠፋው ስንት ቦታ ይመለስልኛል?

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች ዘንድ ብትሄዱ ወሬው አንድ ነው፦ ዲስክ ሞላ። ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል፣ የሚቀረጸው ሁሉ ትልልቅ ፋይል ነው፣ የአዲስ ሃርድ ዲስክ ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የቆየውን ያጠፋሉ። አሁን አሁን ግን ግራ የሚያጋባ ነገር መጥቷል። መቶ ጊጋባይት ያህል ዲሊት ይደረጋል፣ ቆሻሻ መጣያውም ይጸዳል፣ ነፃ ቦታው ግን ንቅንቅ አይልም። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል። ሌላው ፎርማት ይደረግ ይላል።

ማሽኑ ምንም አልሆነም። ጊዜው ያለፈበት ስለ ቦታ የሚነግረን ፕሮግራም ነው።

ቦታ የሚለኩት ዲኤፍ እና ዲዩ የሚባሉት የዩኒክስ (የቆየ የኮምፒውተር ሥርዓት) ትእዛዞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1971 ጀምሮ አሉ። ያኔ ሂሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዷ የዲስክ ቁራሽ ወይ የአንድ ፋይል ናት ወይ ባዶ ናት። ዛሬም መስኮት ላይ የምናየው «ይህን ያህል ተይዟል፣ ይህን ያህል ቀርቷል» የሚለው ሥዕል ባብዛኛው የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ዲስኩ ውስጥ ያለው አሠራር፣ ማለትም ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት (ፋይል ሲስተም) ግን ተለውጧል። አዳዲሶቹ ሦስት ናቸው እንበል፦ ዜድኤፍኤስ በ2005 ወጣ፣ ቢቲአርኤፍኤስ በ2009 ሊኑክስ ውስጥ ገባ፣ አፕል በ2017 አይፎኑንም ማኩንም ወደ ኤፒኤፍኤስ አዛወረ። እነዚህ ሦስቱ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ በአሮጌው ዳታ ላይ አይጽፉም፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ያስቀምጣሉ። በዚህም ስናፕሾት የሚባለው፣ ማለትም የዲስኩ የአንድ ወቅት መልክ፣ በቅጽበት ይያዛል። ማክ ላይ ፋይል ኮፒ ስታደርጉም እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ሁለቱ ፋይሎች አንዱኑ ዳታ ይጋራሉ። ሁለት ደባሎች ከተከራዩት ክፍል አንዱ ቢወጣ ክፍሉ ባዶ እንደማይሆን ሁሉ፣ ከሁለቱ ፋይሎች አንዱ ቢጠፋም ቦታው አይለቀቅም።

ታይም ማሽን የሚባለው የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም የበራበት ማክ ዲስኩ ላይ የየሰዓቱን ስናፕሾት ይይዛል፣ እስከ 24 ሰዓትም ያቆየዋል። ስናፕሾቱ የያዘው ፋይል ቢጠፋም ቦታው አይለቀቅም። እና አንድ አቀናባሪ ቦታ ፍለጋ አንድ ሠርግ ያጠፋል። ምንም አይመለስም። ሌላ ይጨምራል። አሁንም የለም። ተናዶ ሊያጠፋው የማይገባውን፣ ደንበኛው ገና ያልወሰደውንም ይጨምርበታል። በማግስቱ ስናፕሾቱ ጊዜው ሲያልቅ ያ ሁሉ ቦታ ባንዴ ይለቀቃል፣ ሥራው ግን አብሮ ሄዷል። ለኔ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ቁጥሩ በትክክል ቢነገረው ሰውየው ከመጀመሪያው ፋይል በኋላ ያቆም ነበር። በመንዝም ሆነ በአንኮበር የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሳ ዲስክ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ቢደርስበትስ?

ስለ ዲስክ መጠን ያለው ጭቅጭቅ ቀላሉ ነው። 500 ጊጋባይት ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465 የሚለው በሁለት ዓይነት አቆጣጠር ምክንያት ነው፣ ሻጩን ሌባ ማለት ግፍ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። ቢቲአርኤፍኤስ ለፋይሉና ለፋይሉ መዝገብ የተለያየ ቦታ ስለሚመድብ፣ ብዙ ጊጋባይት ነፃ ነው እየተባለ «ቦታ የለም» ሊላችሁ ይችላል። ማክ ላይ ደግሞ ፋይል የምናይበት ፋይንደር፣ ሲያስፈልግ የሚጸዳውን ሁሉ እንደ ነፃ ይቆጥራል፣ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ያለው ዲኤፍ አይቆጥርም፣ ስለዚህ አንድ ዲስክ ሁለት መልስ ይሰጣል።

አንድ ቁጥር ብቻ ከታየ ሰው አይደናገርም የሚሉ አሉ። ይገባኛል። አንድ ቁጥር ከሆነ ግን ዝቅተኛው ይሁን፣ «ቢያንስ ይህን ያህል መጻፍ ትችላለህ» የሚለው። ቢቲአርኤፍኤስ በራሱ መሣሪያ ግምቱንም ዝቅተኛውንም ያሳያል። ዜድኤፍኤስም ስናፕሾት የያዘውን ለይቶ ይናገራል። መረጃው አለ ማለት ነው። የማይደርሰው ተርሚናል ከፍቶ ለማያውቀው ሰው ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ እሱ ነው።

የየፋይሉን ድርሻ መለየት ዲስኩን ያዘገያል የሚለውም እውነት ነው፣ በተለይ ስናፕሾት ሲበዛ። ታዲያ ሰውየው የመረጠውን ፋይል ብቻ አስሉለት። ካልደረሰ «እያሰላሁ ነው» በሉት። እንዲያጠፋ ሲጠየቅ ግን መስኮቱ ላይ አሁን የሚመለሰው ስንት እንደሆነ፣ የቀረውን የየትኛው ቀን ስናፕሾት እንደያዘውና መቼ እንደሚለቀቅ ይጻፍ።

እስከዚያው ድረስ ኮምፒውተር የምትጠግኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት ስናፕሾት መኖሩን እዩ። በቅርብ ዓመታት ማኮች ላይ ዲስክ ዩቲሊቲ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የስናፕሾቶቹን ዝርዝር ማውጣት ይቻላል፣ የማይፈለገውንም እዚያው ማጥፋት ትችላላችሁ።