የተነገረው ኖት ጣሪያ አይደለም
ስለ ባሕር ነፋስ ትንበያ በወጣው ጽሑፍ ላይ «26 ኖት ከተባለ ነፋሱ ከዚያ አያልፍም» የሚለው አባባል (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው) ሰው ሊያስጨርስ ይችላል፤ እባካችሁ ይታረም። በባሕር ትንበያ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። በመሃል በድንገት የሚበረታው ነፋስ ከአማካዩ 40 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል፣ 26 ኖት (በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ) የተባለው 36 ይደርሳል። ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ጀልባዋን የሚገፋት ኃይል እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ማዕበሉም እንዲሁ፤ የሚነገረው ከሁሉም ማዕበሎች መካከል የትልልቆቹ፣ ማለትም ከፍ ያለው አንድ ሦስተኛ፣ አማካይ ከፍታ ነው፣ 2 ሜትር ሲባል አልፎ አልፎ ወደ 4 የሚጠጋ ይመጣል። ከላይ በአስተያየትህ «ጅማ ባሕር የለ፣ ምን አገባን» ላልከው ወንድሜ፦ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። እዚያ ማዕበሉ እንደ ባሕር አይገዝፍም፤ ግን የተጠጋጋና ፊቱ ቀጥ ያለ ስለሚሆን ጠርዟ ዝቅ ያለ ጀልባ ቶሎ ውሃ ትሞላለች። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና ተቆልሎ ነጎድጓድ ከተሰማ፣ ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚደርስ መረቡን ትቶ ወደ ቅርቡ ዳር መቅዘፍ ነው። የሕይወት አድን ጃኬትም ከዳር ሳይነሱ ይለበስ፤ ውሃው ከተናወጠ በኋላ ቆሞ መልበስ ራሱ ጀልባዋን ይገለብጣል።