ትኩስ እበት ሳር ላይ ስለመበተን ማስተካከያ
ሰሞኑን ለገጣፎና ሱሉልታ ግቢ ለምናለማ ሰዎች ሲዞር የነበረው መልእክት «ክረምት ሳይገባ ትኩስ እበት ሳሩን አልብሱት» ይላል፣ እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ!! ትኩስ እበት አሞኒያው ስሩን ያቃጥለዋል፣ ደሞ ላሟ የበላችው የአረም ዘር ሳይሞት አብሮ ይመጣና ግቢው በአረም ይወረራል፣ ከዛ ለቅሞ መጨረስ ነው መከራው። መጀመሪያ ጥግ ላይ ተከምሮ እየተገላበጠ ጥቂት ወራት ይብላላ፣ ጠቁሮ ሽታው ሲጠፋና በእጅ ሲፈረፈር ያኔ ስስ አርጋችሁ በትኑት።

የቤት ውስጥ አበባ በየቀኑ ውሃ ይጠጣ የተባለውም ልክ አይደለም፣ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ ደርቆ ከሆነ ብቻ አጠጡ፣ በተለይ ክረምት ላይ ብርሃን ስለሚቀንስ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም ስሩ ይበሰብሳል። ህዳርና ታህሳስ ደግሞ ሱሉልታ ውርጭ ስላለ በረንዳ ላይ አታሳድሯቸው።