ቁልፍ ለሚቀይሩልን ሁሉ ምስጋና

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለሱ የቤታችሁ በር የለም እንበል። በሩ በነበረበት ቦታ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ውድ ተከራያችን፣ ደስ የሚል ዜና ይዘን መጥተናል! ከዛሬ ጀምሮ የሚገባው በመስኮት ነው። የመሻገሪያ መመሪያውን ያንብቡ።» ከሥሩ የሮኬት ሥዕል አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ፖሊስ ይጠራል። የዌብ ፍሬምወርክ (ድረ ገጽ የሚሠራበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ተጠቃሚ ግን ለወረቀቱ ላይክ ይሰጥና መስኮቱን ፍለጋ ይዞራል።

ዛሬ የተነሳሁት እነዚህን አከራዮች፣ የፍሬምወርክና የላይብረሪ ሠሪዎችን፣ ለማመስገን ነው። ውለታቸው በዝቶብኛል።

ድሮ አንድ ኋላ ቀር ልማድ ነበር። የትናንቱ ኮድ በአዲሱ ቨርዥንም ይሥራ የሚል። የላይብረሪ (ሌላው ፕሮግራመር ወስዶ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ሠሪው አሮጌውን መንገድ ሳይዘጋ አዲሱን ይከፍታል፤ ተጠቃሚው ሲመቸው ይሻገራል። እንዴት ያለ ድብርት ነው! ደግነቱ ጀግኖች ተነሱልን።

ከጀግኖቹ ሁሉ የማልረሳቸው አንጉላሮቹን ነው። ጊዜው ኦክቶበር 2014፣ ቦታው ፓሪስ። የጎግሉ አንጉላር ጄኤስ ያኔ ስንቱ ፕሮግራመር እንጀራ የሚበላበት ፍሬምወርክ ነበር። አንጉላር 2 ምን እንደሚመስል ሊያስረዱ መድረክ የወጡት ሰዎች ስላይዳቸው ላይ የመቃብር ድንጋይ አሳዩ። ቀልዴን አይደለም። ድንጋዩ ከነሟቾቹ ስም፣ ሁሉም የአሮጌው አንጉላር ክፍሎች፦ ኮንትሮለር፣ ዶላር ስኮፕ፣ አንጉላር ሞጁል፣ ጄኪውላይት። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎረቤት ተጠርቶ። እነሱ መርዶውንም ሐውልቱንም በአንድ ስላይድ ጨረሱት። ፍጥነት ይሉሃል ይሄ ነው።

የበለጠ የሚደንቀው ደግሞ ሐውልቱ ሲቆም ሟቹ ገና ሥራ ላይ መሆኑ ነው። አንጉላር 2 ተጠናቆ የወጣው ሴፕቴምበር 2016 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚያ መሀል አዲስ ሥራ የተቀበለ ሰው ምርጫው ሰፊ ነበር፦ ወይ በሞተው ይጀምራል፣ ወይ ያልተወለደውን ይጠብቃል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ብሎ የጠበቀውም አልሰለቸውም። ሊለቀቅ ነው፣ ወጡ በስሏል፣ ማቅረብ ብቻ ቀረ ሲባል አምስተኛው እጩ ቨርዥን ኤንጂሞጁል የሚባል አዲስ የኮድ ማደራጃ ይዞ ከች አለ። ሁሉም ድስቱን እንደገና ጣደ። ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግረው ራውተሩማ ተጽፎ፣ ተጥሎ፣ ተጽፎ ብቻውን 3 ቁጥር ላይ ደረሰ። ስለዚህ በማርች 2017 ቤተሰቡ በሙሉ 3ን ዘሎ 4 ተባለ። መቁጠርንም ሰበሩልን።

ከዚያ በኋላ ግን ተበላሹ። አሁን በየስድስት ወሩ ነው የሚለቁት፤ የሚያነሱትን ነገር አስቀድመው ይናገራሉ፤ ጭራሽ ኮዱን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አብረው ይሰጣሉ። ጀግና ሲያረጅ እንዲህ ነው።

ደግነቱ መንፈሱ አልሞተም። ሪአክት በሚባለው ሌላ መሣሪያ ለተሠሩ ገጾች መንገድ የሚመራው ሪአክት ራውተር በ2021 6ኛ ቨርዥኑ ሲመጣ፣ «ስዊች» የሚባለው ስሙ «ሩትስ» ሆነ፣ «ዩዝሂስትሪ» ደግሞ «ዩዝናቪጌት» ሆነ። አዲስ የክርስትና ስም ነው። የምንገባው ያው ክፍል፣ የምንደርሰው ያው ገጽ፤ ግን እያንዳንዷን ፋይል ከፍተን እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረብን።

እዚህ ላይ የቨርዥን ቁጥርን ነገር ላንሳ። ሦስት ቁጥሮች ናቸው፣ በነጥብ የተለዩ። የመጀመሪያዋ ከፍ ካለች የድሮው ኮድ ሊሰበር ይችላል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ነበረች። ጎበዞቹ ፈቃድ አደረጓት።

አሮጌ ነገር መሸከም ይከብዳል ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይከብዳል። ብዙዎቹ በነፃ ነው የሚሠሩት፣ ያንንም አልክድም። ስለዚህ ሸክሙን አውርደው ለሺዎች አከፋፈሉት። እነሱ ጋ መቶ መስመር ቀነሰ፤ እኛ ጋ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሳምንት ደረሰን። ከዚህ በላይ ለጋስነት የት አለ?

ያቺን ሁለት ሳምንት ለደንበኛ ማስረዳት ደግሞ ሌላ በረከት ነው። የእኔ ደንበኛ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ነጋዴ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ ልጄ?»

«ቨርዥን እያሻገርኩ ነበር ጋሼ።»

«ጎሽ። ምን አዲስ ነገር መጣ?»

«ምንም። እንደ ድሮው ይሠራል።»

«እና ድሮ አይሠራም ነበር?»

«ይሠራ ነበር።»

ዝም ብለው አዩኝ። ክፍያውን ግን ከፈሉኝ፣ እድሜ ይስጣቸው።

ፈሪዎችም ሞልተዋል፣ እነሱን ሳልወቅስ አላልፍም። የድረ ገጾችን ቋንቋ የጃቫስክሪፕትን ሕግ የሚያወጣው ኮሚቴ በ2018 ለድርድሮች (በተርታ ለተደረደሩ የመረጃ ዝርዝሮች፣ አሬይ ለሚባሉት) ፍላተን፣ ማለትም «ጠፍጥፍ»፣ የሚባል ትእዛዝ ሊጨምር ነበር። ያማረ ስም፣ ሥራውን በትክክል የሚናገር። ለካ ሙቱልስ የሚባል አሮጌ ላይብረሪ ከስንት ዓመት በፊት በዚያው ስም የራሱን ሠርቶ ኖሯል። አዲሱ ቢገባ በሙቱልስ የተሠሩ የድሮ ድረ ገጾች ሊሰበሩ ሆነ። አንድ ጀግና ቢኖር «ይሰበሩ!» ብሎ ድንጋዩን ያቆም ነበር። እነሱ ግን ተጨነቁ፣ ተከራከሩ፣ አንዱም በቀልድ «ስሙሽ (ጨፍልቅ) እንበለው» አለ። በመጨረሻ ስሙን ቆርጠው ፍላት አሉትና በ2019ኙ እትም አስገቡት። ባለቤቱ ከረሳው፣ ጎብኚ ከማይዞርበት ገጽ ጋር ላለመጣላት ሲሉ! ጃንጎ የሚባለው የፓይተን ቋንቋ ፍሬምወርክም ያው ነው። አንድ ነገር ሊያነሳ ሲያስብ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያም ቢያንስ ለሁለት ሪሊዝ ይታገሣል። እድር እንኳን መዋጮ ላጠፋ ሰው እንዲህ አይታገሥም።

ለጀግኖቻችን ግን አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ድንጋይ ስታቆሙ የሟችን የሕይወት ታሪክ አስነብቡልን፣ ወጉ ነውና። ዶላር ስኮፕን ያለ ወግ ነው የሸኛችሁት። እኔ ጋ ብቻ የ312 ፋይሎች አባት ነበር። ዘጠኙ እስካሁን ከእኔ ጋር ይኖራሉ።