ሆኪ ባዕድ ነው ያለው ማን ነው?

«ሆኪ ለኛ ሰው ባዕድ ጨዋታ ነው» የሚል አስተያየት ሳነብ እጄ ሳላውቀው ቅልጥሜን ዳበሰ። ያደግሁት ቢቸና ነው። የገና በዓል ሲቃረብ ለገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ፍለጋ ስንዞር እንውላለን። ሩሯ፣ ማለትም በዱላ የምንመታት ኳስ፣ ከእንጨት የተጠረበች ናት፤ ቅልጥም ላይ ካረፈች ሳምንት ታስነክሳለች። የበረዶ ሆኪ በረኛውን ጨምሮ በየወገኑ 6 ሰው ነው የሚያሰልፈው። እኛ ጋ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተባብሎ የመጣው ሁሉ ይገባል። ሄልሜት ብሎ ነገርማ የት አለ! እዚያው «የካናዳው የበረዶ ሆኪ ቡድን ቶሮንቶዎች እንደ ፈረንጆቹ ከ1967 ወዲህ ዋንጫ ሳያነሱ በየዓመቱ ዘንድሮ የኛ ነው የሚሉት ምን ነክቷቸው ነው?» ላልከው ወንድሜ፦ የታች ሰፈር ልጅ ብትሆን ኖሮ አትጠይቅም ነበር። እኛም በየታኅሣሡ «ዘንድሮስ አንለቃቸውም» ብለን እንወጣለን። ተሸንፈን ስንመለስ ጥፋቱ የዱላው ነው። ደጋፊ የትም ያው ነው እኮ። ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን ብዙ አትመኑት። ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው አጎቴ ሩሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያረፈች ዕለት ዱላችንን ሁሉ ሰብስቦ ማገዶ አድርጎታል።